የአሥራ ሦስት ጨዋታ

ፔርፒኛ ከተማ፣ ከስታዲየሙ ጓሮ
ቁልፍ ያዥ ተብዬ ተቀጠርኩ ዘንድሮ።
አለቃዬ ናርሲስ፣ ሰማንያ ያለፈው፣
በባልዲ ኖራ ነው መስመር የሚጽፈው፤
የገዙለት ማሽን ሸራ ለብሶ ቆሟል፤
«በእጅ ያልተሰመረ ኳሱን ያስቀይማል።»

እኔ የማውቀው ኳስ ክብ ነው፣ ይንከባለላል፤
ይሄኛው ሞላላ፣ ሲወድቅ ይዋልላል፤
ሕጉም ግራ ነው፤ ወደ ፊት እየሮጡ
ለጓደኛ ኳሱን ወደ ኋላ ነው የሚሰጡ።
ናርሲስም ሲያወጋ እንደዚሁ ያደርጋል፤
ወደ ኋላ እያቀበለ ወደ ዛሬ ይጠጋል።

«የአውሮፓ ዋንጫ ሲጀመር፣ በሠላሳ አምስት ላይ፣
ሦስት ነበሩ፤ እንግሊዝ፣ ዌልስ፣ ጀማሪዋ ፈረንሳይ።
አባቴ ጋልደሪክ የወይን በርሜል ሠሪ፣
ቅዳሜ ጠጋኝ ነው፣ እሑድ ኳስ አባራሪ።
ከዚያ ጦርነት መጣ። ከቪሺ መንግሥት ቤት
ወረቀት ደረሰን፣ ማኅተም ያረፈበት፤
ጨዋታው ተሰርዟል፤ ሜዳው ተወርሷል፤
ገንዘቡ፣ ማሊያው፣ ኳሱ ተወስዷል።»

«ኳሱንም?» አልኩት።
«ኳሱንም። የተነፈሰውን ሳይቀር።»

አንዷ ግን ተረፈች። ጋልደሪክ ደብቋት፣
ክዳን ገጥሞ መትቶ፣ በርሜል ሆድ ዘግቶባት።
አራት ዓመት ተኝታ ስትወጣ፣ የነካት ሰው
ወይን ወይን ይሸት ነበር፣ ጠብታ እንኳ ሳይቀምሰው።

«ሰላም ወረደና ጨዋታው ተፈታ፤
ስሙ ግን እስረኛ፣ ቀረ በዚያው ቦታ።
‹ራግቢ› የሚለው ስም ሌላ ባለቤት አለው፤
ለእናንተ ‹የአሥራ ሦስት ጨዋታ› ነው የተፈቀደው፣ አሉን።
ስሙን የነጠቁት በቁጥር ይጠራል፤
አባቴም በአሥር ጣት አሥራ ሦስት ይቆጥራል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ናርሲስ ተቆጣ።
«ምኑ ነው የሚያስቅህ?»
በኛ አገር፣ አልኩት፣ ወሩ አሥራ ሦስት ነው፤
አሥራ ሁለቱ ሠላሳ ሠላሳ ተካፍለው ሲያበቁ
ጳጉሜን አምስት ቀኗን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤
ደመወዝ አይከፈልባት፣ ኪራይ አይጠየቅባት፣
ግን ያለ እሷ ዓመቱ ዓመት አይሆንም።
ባልዲውን አስቀመጠ።
«አምስት ቀን? ያለ ደመወዝ?»
«ያለ ደመወዝ።»
«እንግዲያው የኛ ናት፤ ማሊያ አሰፋላታለሁ።»

ማታ የነገረኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።
ከጦርነቱ በኋላ ዋንጫው ሲመለስ
አንድ አገር የለሽ ቡድን መጣ፣
ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድ፣
በእንግሊዝ ክለቦች ለእንጀራቸው የሚላተሙ፣
በአንድ ባንዲራ ሥር ቆመው የማያውቁ።
መጠሪያቸው «ሌሎች ዜጎች»።
ዋንጫውን ወሰዱት፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ።
«ሲያሸንፉ የማን መዝሙር ተዘመረ?»
«እኔ እንጃ። አባቴ በራዲዮ ነው የሰማ፤
ጩኸት ነበር፣ አለ፣ ቋንቋው የማይለይ፣
እንደ ገበያ፣ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ።»

ባለፈው ወር እዚህ ቢሮ ቅጽ ሰጡኝ፤
ከተደረደሩት አገሮች ግርጌ
አንዲት ትንሽ ሳጥን፣ «ሌላ» የሚል ከጎኗ።
በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፣
በእስክሪብቶ ድገመው ተባልኩ፤
ደገምኩት። ያኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ዋንጫውስ? ስንቴ ሞተ፣ ስንቴ ተነሳ!
ስሙ እየተለወጠ፣ ዓመታት እየረሳ፤
አንዴ ጣሊያን ይገባል፣ አንዴ ሰርቢያ ሩሲያ፣
ናርሲስ ራሱ ይስታል፣ ቁጥሩን ከዚህም ከዚያ።

ዛሬ ጠዋት ባልዲውን ለእኔ ሰጠኝ።
ከካኒጉ ተራራ የሚወርደው ነፋስ
ኖራውን ከእጄ እየነጠቀ
መስመሬን ወደ ባሕሩ አጎበጠው።
አየው። አልተቆጣም። እግሩን ጎተት አድርጎ
ማሽኑን ከሸራው ሳይገልጥ አልፎት ሄደ።

በስምንት ሰዓት የዌልስ ልጆች አውቶቡስ ደረሰ።
አንዱ ቀይ ፀጉር፣ ብርቱካን እየላጠ፣
ሳያይ መስመሬን ረገጠው፤
ነጭ ጫማ ይዞ ወደ መሃል ሄደ።