ሐረጎን የወጣ ብረት

ቤታችን ጦሳ ሥር፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ፣
ከጓሮው መሬት አልቆ ይጀምራል ሰማይ፤
አባቴ ይመር ነበር በረንዳ ያወጣበት፣
ባሕር ዛፍ ጠርቦ፣ ሞራሌ ረብርቦበት።
በየክረምቱ ማግስት፣ መስከረም ሲጠባ፣
የበሰበሰ እግር አውጥቶ አዲስ ሲያስገባ
አረጀ።
የደሴ ጉም እንደሁ ጥርስ አልባ ምስጥ ነው፣
ሳያላምጥ ውጦ እንጨት የሚጨርሰው።

ሐምሌ ላይ፣ እግር ለዋጩ ባረፈ በሦስት ዓመቱ፣
ጣውላው አፉን ከፍቶ የእናቴን እግር ዋጠ እስከ ባቱ።
ጦይባ ግን አልጮኸችም፤
«ይመር፣ እግሬን ልቀቅ!» አለች፣
ሳቀች።

ከኮምቦልቻ ጫንኩ ዐሥራ ስምንት ቱቦላሬ፤
ሐረጎን ሲወጣ አይሱዙው፣ ብረቱ ከኋላ ሲንቋቋ፣ ሲያወራ ወሬ፣
ሾፌሩ፦ «ይሄ ሁሉ ለመቀመጫ?» አለኝ።
«ለመቀመጫ» አልኩት፤
ዕዳዬን አልነገርኩት።

በያጁ አበጋዝ መጣ፣ ጥቁር መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
አንዱን ዘንግ በጣቱ መታ፣ እንደ ሐኪም ጆሮውን ጥሎ፤
«ብረትም ይታመማል» አለኝ፣ «እንዳትሸወድ፤
ምስጥ ባይደፍረውም፣ ውሃ ሆዱ ከገባ ከውስጥ ነው የሚነድ።
አፉን እደፍናለሁ፤ ከሥር ግን ቀዳዳ እተዋለሁ፣
እንባ መውጫ ያጣ ስንት ብረት ሲዝግ አይቻለሁ።»

ብልጭታው ገደሉ ውስጥ ዘነበ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ
«አትዩ፣ ዓይን ያጠፋል!» እየተባሉ
በጣት መሃል ሲያጮልቁ ዋሉ።
ቀይ ጸረ ዝገት ሁለት እጅ፣ ግራጫ አንድ እጅ ጠጣ፤
ከአባቴ ሞራሌ ሁሉ አንድ ጤነኛ ወጣ።
እሱን መደገፊያ አደረግነው፣
የጥቅምት ብረት እጅ ይነክሳላ!

አሁን ብንዘልም አይነቃነቅ።
እናቴ ግን ሳምንት ሙሉ ከደጃፉ አላለፈችም፦
«የማይንጫጫ ወለል
ማን እንደመጣ አይናገርም።»

ማታ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ የቀን ሙቀቱ ሲለቀው፣
ብረቱ ይኮማተርና
ጧ! ይላል።
«ማነው?» ትላለች ጦይባ ከመኝታዋ።
ብርድ ነው እማ፣ ብረቱ ነው።
«ታዲያ ይመር ነው አልኩ እንዴ?»
ብላ ትቆጣለች፤
በሩን ግን ተነስታ ገርበብ ታደርጋለች።

ሌሊቱን ሙሉ ይበርደናል።