ጎሽ አዳኝ

ሻርጃ፣ የኢንዱስትሪው ሠፈር፣ አሥራ ሦስተኛው መንገድ፣
አሸዋው ከፀሐይ ቀድሞ ነቅቶ ሲነድ፣
ነጭ ካፖርት ለብሼ ከውኃ ገንዳው ዳር ቆሜ
የኮንክሪት ኪዩብ እቆጥራለሁ፤ በያንዳንዱ ጀርባ ቀን አለ፣ ቁጥር አለ፣ ስሜ።

ስሜ የሻረግ ነው። ለምላሳቸው ከበደና
«ሻሪ» አሉኝ፤ «ይሁን» አልኩ፣ አጠርኩና
ገባሁ በፋይላቸው።

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ አውሬ አደንኩኝ፤
ጦር ሳልይዝ፣ ጫካ ሳልገባ፣ ጎሽ ፍለጋ ተንከራተትኩኝ።
በነሱ አፍ «ብራቮ» ነው፤ በኔ ጆሮ ጎሽ።
ከኢሜይል ግርጌ፣ ከስብሰባ መሐል፣
ከአለቃ ቅንድብ ሥር ብቅ ስትል
ቀኔ ሞላ፤
የጠፋች ዕለት «ምን አጠፋሁ?» ስል ይነጋል፣ እህል ሳልበላ።

ስለ ጎሽ ባልገባኝ ቀልድ ሣቅሁ።
ስለ ጎሽ የእህቴን ሠርግ በስልክ፣
እልልታዬን በመዳፌ አፍኜ፣ ከመጸዳጃ ቤት አደመቅሁ።
ስለ ጎሽ የሱኒልን ሐሳብ በስብሰባ
የራሴ አስመስዬ አወራሁ።
ሱኒል ሰማኝ። ምንም አላለም። ከሰዓት በኋላ
ሻይ አመጣልኝ፣ ስኳሩን ሳይረሳ፤
ያን ሻይ እስከዛሬ አልዋጥኩትም።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ነበር። የዘጠነኛው ፎቅ ምሰሶ።
ሦስት ኪዩብ ከገንዳው አወጣሁ፣
አደረቅሁ፣ መዘንኩ፣ ከማሽኑ የብረት መንጋጋ አስገባሁ።
አርባ መድረስ አለበት።
ቁጥሩ ሃያ አለ፣ ሃያ አምስት አለ፣ ሃያ ዘጠኝ፣
ቋ!
ሁለተኛውም ቋ።
ሦስተኛውማ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረብኝ።

ኢንጂነር ገሳን ገባ፤ በሩን ገርበብ አደረገ፤
ድምፁ እንደ አባት ለዘበ፣ ፊቱ እንደ ወዳጅ ፈገገ።
«ሻሪ፣ ያ የኃላፊነት ወንበር ከሰኔ ጀምሮ ባዶ ነው፤
ላይኞቹ ሁሉ አፍ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው።
ኮንክሪት እኮ እያደር ይጠነክራል፤ ማሽንም ይሳሳታል፤
አርባ አንድ ብትይ ማን ይጎዳል?»
ገና ብዕር ሳላነሣ
«ብራቮ» አለኝ፣ በቅድሚያ።
ጎሽ! ከፊቴ ቆመች፤
ቀንዷ ከእጄ ሊገባ አንድ ስንዝር ቀረው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ይላሉ ባገሬ።
ኮንክሪት እያደር ይጠነክራል፣ ይላል አለቃዬ።
ሁሉም ማደር ይወዳል፤
ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ግን ማነው የሚያድረው?
እኔስ፣ ሰባት ዓመት፣ ለማን ነው ያደርኩት?

ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አራት ብዬ ጻፍኩ።
ጀግና አልነበርኩም፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ ወረቀቱን አረጠበው።
ከታች ሙሉ ስሜን፣ አንድ ፊደል ሳላስቀር፣
የሻረግ ጓንጉል።
ሻሪ ያሉኝ እነሱ ናቸው፤
ሻርኩ።

(ቁስልም ይሽራል ይላሉ። እሱ ገና ነው።)

ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።
እኔን ዓጅማን ላኩኝ፣ አሸዋ በወንፊት እንድነፋ።
ምሰሶው በሌላ ላብራቶሪ ድጋሚ ተለካ አሉ፤
አርባ አንድ።
እንግዲህ ማሽኔ ዋሽቶ እንደሆን፣ ሰው ዋሽቶ እንደሆን፣
ሕንፃው ቆሞ እያለ ማን ይነግረኛል?
በአውቶቡስ ሳልፍ ቀና ብዬ መስኮት እቆጥራለሁ፣
እስከ ዘጠኝ።
የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል።

ሱኒልን ሻይ ጋበዝኩት፤ ሐሳቡ የማን እንደነበር
በራሴ አፍ ነገርኩት።
«አውቃለሁ» አለ፣ ስኳር ጨመረ።

ዋሽቼ አልልም፤ ጎሽ ትናፍቀኛለች።
አንዳንድ ሌሊት ኮቴዋ ከአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ጋር
ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣
ያልፋል።

ከሦስቱ ኪዩብ የአንዷን ስባሪ ይዤ ወጥቻለሁ፤
ከክፍሌ በር ሥር አስደግፌያታለሁ፣ ነፋስ እንዳይዘጋው።
ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አራት።
ለበር ይበቃል።