አምስት ሰከንድ

ከሌሊቱ አስር ነው፤ ሞሃቬ በረሃ፣
ነፋሱ ረግቷል እንደ ኩሬ ውሃ።
ዴልበርት ተንበርክኮ፣ ባትሪውን ነክሶ፣
የሃያ ስምንት ጎማ ትንፋሽ ለካ ዳስሶ።
ከላዩ ክንፍ አለ፣ ጫፉ የማይታይ፣
መንታ ሆድ አውሮፕላን፣ ሌላ ዝቅተኛ ሰማይ፤
በሁለቱ መሀል፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣
ሮኬቱ ተንጠልጥሏል፣ እግር የሌለው መንገደኛ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ጠጠሩ ተንቀጠቀጠ፤
ጥንቸሏን ጆሮዋ ቀድሟት አመለጠ።
ከዚያ ድምፅ የለም፣ ከሬዲዮው በቀር፣
ከውቅያኖሱ በላይ ኢሞጀን ስትቆጥር፦
«ሦስት… ሁለት… አንድ… ለቀቅኩት!» አለች፤
አውሮፕላኗ፣ ሸክሟ ወርዶ፣ ሽቅብ ዘለለች።

እሱ ግን ወደቀ።

አምስት ሰከንድ ሙሉ፣ እንደ ማንም ድንጋይ፣
ጀርባውን ሰጥቶ ለታጨለት ሰማይ።
ዴልበርት መፍቻውን ጨብጦ መተንፈስ ረሳ፤
ያውቃል፣ ሆዱ ግን አያውቅም፣ ወድቆ እንደሚነሳ።

ስድስተኛው ላይ እሳቱ ፈነደቀ።

ቀትር ላይ ተመለሰች፣ ባዶ ሆዷን፣ ከጥላዋ ጋር፤
ዴልበርት ዳግም ተንበረከከ በጎማዎቹ ዳር።
«ምህዋር ገባ!» አሉት። «ደግ» አለ፣ ቀና ሳይል፣
ዘጠነኛው ጎማ መዳፉ ስር ሲግል።