በእግር የተለካ ቤት

ደላላዬ ስንሻው ክፍሉን ቆጠረልኝ፣
ከሰገነቱ ላይ «ጣናን እዪው!» አለኝ።
እኔ ግን አልሁት፦
ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሥራ ስወጣ፣
ባጃጅ የጠፋ ዕለት በየት በኩል ልምጣ?

ሽምብጥን በእግሬ፣ አባይ ማዶን በእግሬ፣
እየለካሁ ዋልሁኝ ደቂቃ ቆጥሬ፤
አንዱ ውኃ አለው፣ አንዱ ደግሞ ውሻ፣
አንዱ ክረምት ሲገባ የለውም መሸሻ።

ከፔዳ ጀርባ ግን፣ ጠባቡ መንገድ ዳር፣
መሽቶም ያልተዘጋ አገኘሁ አንድ በር።
ልብስ ሰፊዋ የሹምነሽ—
መኪና አላት እሷ፣ በእግሯ የምትነዳት፣
ፍንክች ሳትል ቆማ የምትሮጥ ሌሊት።

ከሷ ሁለት በር አልፎ አንድ ክፍል ያዝሁኝ፤
ጣና አይታየኝም፤ እኔ እታያለሁኝ።