በግድግዳው ማዶ

ዝናብ ያረፈበትን ትከሻዋን እንኳ ሳታራግፍ
ሚልካ ገባች፤ ስልኳን አኖረችው ከመኪናዬ ጫፍ፣
ከተዘረጋው ሱፍ።
«ጋሽ ዘርጋው፣ አልበማችን ወጣ፤
ከሰው ሁሉ በፊት ለእርስዎ ነው የመጣ።»

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፒያሳ፣
የመጨረሻውን አራት ግን በጭንቅ፣ በአበሳ፤
ከነዚህ ልጆች ጋራ ባንድ ጭቃ ግድግዳ ተዋስነን
ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጦርነት ላይ ነን።
ከበሮ ሲደልቁ መርፌዬ ይዘላል፣
የደንበኛ ሱሪ እግሩ ይረዝማል፣ ክሬ ይበጠሳል፤
እኔም ግድግዳውን በመቀስ እጀታ ስወግረው፣
«ቀንሱ!» ስል፣ ማን ሊሰማው።
«ቆርኪ» ነው የባንዱ ስም። በሱም ተጣልተናል፤
«ምነው፣ ስም ጠፍቶ ነው?» ብዬ።
ዳግማዊ፣ ከበሮ መቺው፣ ሳቀ፦
«ጋሼ፣ የሚረገጠውን ነው የመረጥነው።»

አሁን ግድግዳው የለም። ቤቱም የለም። ሰፈሩም የለም።
በቦታው ሣር በቅሏል፤ ሌሊት ሌሊት መብራት የሚቀያይር ቀለም፣
የብስክሌት መንገድ፣ ገና ብስክሌት ያላየ።
የኔም ዕጣ ከቸርችል ወረድ ብሎ፣ ከፎቅ ሥር ቤዝመንት ታየ፤
ሁለት በሁለት ክፍል። ጎረቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ፣
ሰላምተኛ፣ ጸጥተኛ፤
ረብሾኝ አያውቅም አንድ ቀን።
አንድ ቀን እንኳን።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋችልኝ።
መጀመሪያማ የጠበቅሁት ነው የገጠመኝ፦
ቆርቆሮ ሲቀደድ፣ ሲኖትራክ ፍሬን ሲይዝ ቁልቁለት፣
አውቶቡስ ተራ ያለ ወያላ ሁሉ ባንድ አፍ ሲጮኽበት።
ላወልቀው ስል እጄን ያዘች፤
«አንድ ደቂቃ» በከንፈሯ አለች።

አንድ ደቂቃ።

ሻካራ ካፖርት ሲገለበጥ፣ ገበሩ ሐር ሆኖ እንደሚያስደነግጥ፣
ከጩኸቱ ሥር ዜማ ብቅ አለ፣ የሚያንሸራትት፣ የሚያቀልጥ።
ይኼ ሁሉ የት ነበረ? እኔ አራት ዓመት የሰማሁት
ከበሮውንና ባሱን ነው፣ ድው ድው የሚለውን ጉልበት፤
ጭቃው እሱን ብቻ አሳልፎ
ዜማውን ለራሱ ጠጥቶት ኖሯል፣ ከጭዱ ሥር አጣጥፎ።

ሚልካ ታለቅሳለች እንዳልል ትሳደባለች፤
ትሳደባለች እንዳልል፣ በትዝታ ቅኝት ነው፤ የቃሉን ጫፍ ትጎትታለች፣
ጎትታ ጎትታ ስትለቀው ሰውነቴን ወረረኝ።
ስለ ውሃ ወረፋ፣ ስለ ኪራይ፣
ሁለት ብር መልስ ስላስቀረባት የታክሲ ረዳት፣
ይኼን የሚያህል ቁጣ! ሳቄ አመለጠኝ፤
እሷም ከሳቄ የቱ ጋ እንደደረስኩ ዐወቀች።
እግሬ ሳላዘው ፔዳሉን ረገጠ፤
መርፌው ክር ሳይኖረው ሱፉ ላይ ሮጠ፣
ቀጥ ያለ የቀዳዳ መስመር። የሰው ጨርቅ!
ይሁን፣ እከፍላለሁ።

ሰባተኛው ላይ ሁሉም ባንዴ አቆሙ።
ጸጥ።
በጸጥታው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ከጭቃ ጀርባ፦
ዷ፣ ዷ፣ ዷ።
«እናንተ ልጆች! ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ቀንሱ!»
የማን ሽማግሌ ነው ደግሞ፣ እንዴት ይጎረብጣል ድምፁ፣
ብዬ ልፈርድ አፌን ስከፍት
ከበሮው በዚያችው በሦስት ምት
ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ ብሎ ተነሣ፤ ጊታሩ ተከተለ፣
ቤቱ ከነቆርቆሮው፣ ከነኮርኒሱ፣ ከነአይጦቹ
ከፈረሰበት ብድግ አለ።

ስልኩን አዙራ ስም ዝርዝር አሳየችኝ። መነጽሬን ፈለግሁ።
ድምፅና ጊታር፣ ሚልካ። ከበሮ፣ ዳግማዊ።
ባስ፣ የአብሥራ። ሁለተኛ ጊታር፣ ናሆም።
ከሁሉም ግርጌ፣
ግድግዳ፣ ጋሽ ዘርጋው።

«ተሳስታችኋል» አልኳት፤ «እኔ መቺው ነኝ እንጂ...»
አልጨረስኩም። ስምንተኛው ጀምሮ ነበር።

በግራ በኩል አንድ ነገር ኳ፣ ኳ አለ።
ከዘፈኑ መስሎኝ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ነው፣ በትሕትና፣ በጣቱ።
ለካ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሚልካ ጋር እጮኻለሁ።
ልትቀንሰው እጇን ዘረጋች።
ያዝኳት።
«አንድ ደቂቃ» አልኩ።