ቁልፉ

ዓርብ ነው፤ ማናማ። ከላውንደሪው ፎቅ፣
የሳሙና እንፋሎት ወለሉን ሲያሞቅ፣
ስለ እንግዳ ፍቅር ድምፄን ከፍ አድርጌ
ስሰብክ፣ ነዘረ ስልኬ ከኪስ ግርጌ።

ብርቄ ናት፤ አውቃለሁ። ሌሊት ጽፋልኛለች፦
ከማዳም ቤት ወጥታ ሙሐረቅ ደርሳለች፣
ፓስፖርቷ እዚያው ቀርቶ፣ በነጠላ ጫማ፤
ማደሪያ ትሻለች በባዕድ ከተማ።

በጣቴ ጫን አልኩት። ዝም አለ። ቀጠልኩኝ።
«አሜን ወይ?» አልኳቸው፤ በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉኝ።
እንባዬም አልቀረ፤ አለው የራሱ ቦታ፣
በየትኛው ቃል ላይ፣ በየቱ ጸጥታ።
ጋሽ ጌጡ ቀረቡ፣ እጄን ጨበጡና፣
«ዛሬስ መንፈስ ነበር!» አሉ በምስጋና።

ስንወጣ ምንተስኖት ከደጅ ቆሞ አገኘሁት፤
በአንዲት ሲጋራ ከኅብረት ያገድኩት።
ብርቄ መኪናው ውስጥ ተኝታለች፣ እግሯ
በሸሚዙ ታስሮ፣ ተሰንጥቆ ከንፈሯ።

«ፓስተር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሳይወቅስ፣ ሳይማረር፣
«እኔ ጋ ስምንት ነን፤ አንዲት ጥግ ብትኖር...»

አዳራሹ ባዶ ነው እስከ መጪው ዓርብ።
ቁልፉ ኪሴ ነበር፣ ከስልኩ አጠገብ።