የስህተቱ ባለቤት

ጠባሴ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛው ደረጃ በተሰበረበት፣
የደብረ ብርሃን ጭጋግ ሳያንኳኳ ገብቶ ፋይል በሚያረጥብበት፣
ቅጂ በሚከሰስበት ቤት፣ በቅጂ የማድር፣
ኮፒ አንሺ ነኝ፤ በገጽ ሁለት ብር።

ጠበቃዋ የሻሽወርቅ ናት። ሥራዋን ለሰው መንገር ይቸግራል፤
የከብት ሌባ አትከስም፤ ድንበር ገፊ ሌላ ቢሮ ይሄዳል።
«ምን ተወሰደብዎ?» ስትል፣
«ምንም» ይላል ባለጉዳይ፤ «ያው እቤቴ አለ።
ግን ሌላም ሰው ቤት አለ።»

ባለፈው ወር አንድ መምህር፣ የፊዚክስ አጋዥ መጽሐፉን
ሸዋ ሮቢት ገበያ አገኘው፤ የሌላ ሰው ፎቶ ለብሶ ሽፋኑን።
ከዚያ በፊት የሽሮ ማሸጊያ ነበር፤ ሁለት እህትማማች፣ አንድ ስም፤
እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ከመሐል ሜዳ በጠዋቱ አውቶቡስ፣
ሸዋንግዛው የሚባል ባና ሠሪ መጣ፣ ደረጃው ላይ እያስነጠስ።
ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባና ዘረጋ፤
አንዱ የእጁ፣ ሲነኩት የሚቆረቁር፣ በግ በግ የሚሸት፤
ሌላው የፋብሪካ፣ ለስላሳ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ በግማሽ ዋጋ።

«እዩት» አለ። «ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። እዚህ ጋ፣ ከጥጉ ስንዝር ገባ ብሎ፣
ጥቁሩ ይቋረጣል። ሦስት ጣት ቡናማ። ከዚያ ይቀጥላል፣ ምንም ያልሆነ መስሎ።»
አየን። በፋብሪካውም ላይ፣ ስንዝር ገባ ብሎ ይቋረጣል።
ሦስት ጣት ቡናማ። ይቀጥላል።

የሻሽወርቅ ቅጹን አወጣች። «ንድፉ የማን ነው?»
«የአባቴ። አባቴም ከአባቱ ነው ያየው።»
«ክሩስ?»
«የፈተለችው ባለቤቴ አፀደ፤ ቀለሙ የበጉ ነው።»
መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣
«ሕጉ የሚጠይቀኝ አዲስ ነገር ነው፤ ከእርስዎ የወጣ። የእርስዎ የቱ ጋ?»

ዝም አለ። ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ አልፎ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።
እኔ የማያስፈልገኝን ስቴፕለር ፈለግሁ።
እሱ ጣቱን ቡናማው ላይ አስቀመጠው።

«ያን ሰሞን ልጄ ውድነሽ ሞታ ነበር።
ጥቁሩ ፀጉር አለቀ። እናቷን ‹ፍተዪ› ለማለት አፌ አልደፍር
አለኝ። የተረፈ ቡናማ ነበር፤ እሱን ማግ አድርጌ ወረወርኩት።
በኋላም እጄ ለመደው፤ በሠራሁት ሁሉ፣ እዚያው ቦታ ደገምኩት።
ስህተት ነው፣ ወይዘሮ። ሌላው የተወረሰ ነው፤
የኔ ስህተቱ ብቻ ነው።»

ብዕሯን ጣለች፤ መልሳ አነሣች።
«መልካሙን ሁለት ሰው ሊያስበው ይችላል» አለች፤
«ስህተትን ግን፣ ያውም በልኩ?
የቀዳ ሰው ነው፣ ድንጋዩ በሌለበት መንገድ፣ በሌላው እንቅፋት የሚመታ እግሩ።»

«ጻፍ» አለችኝ። ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ ውድነሽን አይችልም።
«ባለ ሦስት ጣት ቡናማ መቋረጥ፣ ከግራ ጥግ አንድ ስንዝር» አልን።
ከዚያ በላይ አልጻፍንም።

ቀጠሮው ለጥቅምት ነው። ፋብሪካው ሦስት ጠበቃ አለው።

ለማስረጃ እንዲሆን ባናውን ማሽኑ መስታወት ላይ ዘረጋሁት፤
ክዳኑ አልገጥም ቢል፣ በደረቴ ተጫንኩት።
ብርሃኑ ከስር ሄደ፣ ተመለሰ። ወረቀቱ ወጣ፣ ሞቅ እንዳለ፤
ማሽኔ ቡናማ አያውቅም። ጥቁር ነው ያለ።
እንደገና አነሣሁ። ያው ነው፤
መስመሩ ሙሉ ነው፤
ከጥግ እስከ ጥግ የተቋረጠ ነገር የለም፤
ማንም አልሞተም።

ለፋይሉ የሚሆነውን፣ ባለ ቀለሙን፣ ፎቶ ቤት ሄጄ አስነሣሁ።
ያን የተበላሸውን ልቀድ ስል፣ ሽማግሌው እጄን ያዘ፤ ቆምኩ።
ወደ መስኮቱ ወሰደው። ብዙ አየው።
«ይቺን ልውሰዳት?» አለ። ኪሱን ዳበሰ፣ ሁለት ብር ሊሰጠኝ ነው።
«አይከፈልባትም» አልኩ፣
ማሽኑን አጠፋሁ።